ስለ አባባ የሽመና ጉድጓድ

ለውድ እህቴ ለእትዬ ዙህራ ሑሴን፣
ሐይቅ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እትዬ፣ እንዴት ነሽ? እንዴት ከርመሻል? ቁልቁለት ስወርድ ይከዳኛል ያልሽው ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ አሁንም ቅቤ እያሸሽው ነው? ዓይንሽስ? ያ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ዘንድሮም ያስለቅስሻል? ላሟ ወለደች? ወልዳ ከሆነ ወይፈን ነው ጊደር? ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኸው የጎረቤትሽ ውሻስ አደብ ገዛ? ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ ለወጉ ያህል እንዳይመስልሽ። መልሱን አንድ በአንድ ማወቅ እፈልጋለሁ። ባለፈው ደብዳቤሽ ሁሉንም «ደህና ነው» ብለሽ በአንድ ቃል ጠቅልለሽብኛል።

እኔ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነኝ። ጥቅምት ላይ ሁለት መንጋጋ አስነቅያለሁና ከዚያ ወዲህ ቆሎ የምቆረጥመው በግራ በኩል ብቻ ነው። አስመራም እንዳለች ናት። ጠዋት ብርድ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ፣ መንገድ ላይ ፍተሻ። ወታደሩ ቦርሳዬን ከፍቶ የተማሪዎች ፈተና ብቻ ሲያገኝ ይስቅና ያሳልፈኛል፤ ስለዚህ በዚህ በኩል አትስጊ።

ጀዋሂር ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ ለእናትሽ የምታነቢላት አንቺ መሆንሽን አውቃለሁ። መሀል ላይ የማፍርበት ቦታ አለው። እዚያ ስትደርሺ አጎቴ እንዳይዋረድ ብለሽ እንዳትዘዪው። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላት።

እትዬ፣ ደብዳቤሽ ሚያዝያ አሥራ አንድ ቀን ደረሰኝ። ከሐምሌ ጀምሮ ጡረተኛ ስለምሆን ማረፊያ ክፍል ልትሠሪልኝ እንዳሰብሽ ነግረሽኛል። የአባባን የሽመና ቤት አድሰሽ፣ አባባ እግሩን ሰዶ ይሠራበት የነበረውን ጉድጓድ በድንጋይ ሞልተሽ፣ ላዩን በሲሚንቶ አስለስነሽ፣ «ለመምህር የሚመጥን» ወለል ልታደርጊው ነው። ሲሚንቶው ከደሴ ተጭኖ መጥቷል፣ ግንበኛውም ክረምት ሳይገባ ልጀምር እያለ ነው። አንተ እሺ ሳትለኝ ግን አንድ ድንጋይ አልጥልበትም ብለሻል። እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ መልሴን እየጠበቅሽ፣ ሲሚንቶው እርጥበት እንዳይነካው እየሸፈንሽ ይሄው ስድስተኛ ሳምንትሽ ነው። ይቅር በይኝ። መልሱን መጀመሪያ ላይ ብጽፈው አብዷል ትያለሽ። ስለዚህ እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገርሽና መጨረሻ ላይ እመልስልሻለሁ።

ነገሩ የጀመረው ጡረታ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ከመጓጓት ነው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ በቀረው ጊዜ ውስጥ ደወል ሲደወል መግባትና ደወል ሲደወል መውጣት ብቻ ነው የማውቀው። ደወሉ ሲቀር ሰው ጠዋት ተነሥቶ ምን ያደርጋል? ይህን ለማጥናት ከኔ በፊት ወደወጡት ጓደኞቼ ሄድኩ። እነዚህን ሰዎች በስም ታውቂያቸዋለሽ። አዲስ አበባ የመምህራን ማሠልጠኛ አብረን የተማርን ናቸው። ጦርነቱ ትምህርታችንን አቋርጦት ስለነበር ሁላችንም ጢም አብቅለን ነበር የገባነው። እነሱ ከኤርትራ መጥተው፣ እኔ ከወሎ። በኋላ በሃምሳ አምስት ዓ.ም. አማርኛ አስተምር ተብዬ እዚህ ስመደብ፣ የተላክሁበት ትምህርት ቤት ዲሬክተር ያው የጥንቱ የክፍላችን አለቃ ዘርእዝጊ ሆኖ አገኘሁት። ልጆቹን በገዛ ቋንቋቸው ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ያን ጊዜ እኔን ቢያኮርፈኝ አልፈርድበትም ነበር። እሱ ግን ከሁሉ በፊት የጠየቀኝ አሁንም ታንኮራፋለህ ወይ ብሎ ነው።

ዘርእዝጊ ጡረታ ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው። ዛሬ ምን እንደሚሠራ ብትገምቺ አታገኚውም። ዓኽርያ በሚባለው ሰፈር አንድ ቢስክሌት መጠገኛ ውስጥ ጎማ ይለጥፋል! የቤቱ ባለቤት የድሮ ተማሪው ነው፤ ያውም በመረበሽ ሁለት ሳምንት ከትምህርት ያገደው። አሁን ያ ተማሪ «ዲሬክተር፣ ይህን ጎማ ያልነፉት ለምንድን ነው?» እያለ ይቆጣዋል፤ እሱም እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እወ፣ ትክክል ነው» ይላል። በመጀመሪያው ሳምንት ግን የለመደው አልለቀው ብሎ፣ ሠራተኞቹን ጠዋት አሰልፎ ስም ጠርቶባቸዋል። በአራት ሰዓት ደግሞ የቢስክሌት ደወል አንሥቶ ለዕረፍት ደወለ አሉ። ሠራተኞቹም ወጥተው ሻሂ ጠጡ። እስከ ዛሬ በአራት ሰዓት ይወጣሉ።

ኣብርሄት ደግሞ፣ በክፍላችን ከነበሩት ሁለት ሴቶች አንዷ፣ ጸጸራት በሚገኘው ግቢዋ ንብ ታረባለች። ሴቶች ትምህርት ቤት ጤና አጠባበቅ ስታስተምር የኖረች ናት። ልጠይቃት ስሄድ ቀፎዎቹ ላይ በነጭ ቀለም አንደኛ ሀ፣ አንደኛ ለ፣ ሁለተኛ ሀ ተብሎ ተጽፏል። ምንድን ነው ብላት፣ ትጉዎቹ ሁለተኛ ሀ ናቸው፣ አንደኛ ለ ዘንድሮ ማር ስላልሰጡ ክፍል ይደግማሉ አለችኝ፤ አልሳቀችም ደግሞ። ንቡ እጇ ላይ ሲሄድ ዝም ብላ ታየዋለች። ንብ ንግሥቲቷ ስትሞት እንዴት እንደሚያውቅ ጠየቅኋት፤ እሷም ይህንኑ ለማወቅ ሁለት ዓመት መጠበቋን ነገረችኝ። እዚያ ቁጭ ብዬ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ጨረስኩት።

የመንግስትኣብ ይብሳል። ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሯል። ቀይ ባሕርን በሰሌዳ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይሥለዋል። ታዲያ አንድ ቀን እግሩን ነክሮበት አያውቅም ነበር። ጡረታ በወጣ በወሩ ሊቶሪና የሚሉትን ባቡር ተሳፍሮ ምጽዋ ወረደና ዋና መማር ጀመረ፤ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ። አስተማሪው ዓሣ አጥማጅ ነው። የጨው ውሃ መጠጣት ዋናው ትምህርት ነው ብሎ ሦስት ቀን ውሃ አጠጣው። አሁን ጀልባ እስካለበት ድረስ ይዋኛል። ሲመለስ ከኪሱ ቀንድ አውጣና ዛጎል እያወጣ ጠረጴዛ ላይ ይደረድርልናል። ሚስቱ የቤቱ ወለል አሸዋ ሆነ እያለች ታማርራለች።

እኔም ይህን ሁሉ አይቼ የኔስ ምንድን ነው አልኩ። ማንም ሳያውቅብኝ ከጥር ወር ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓኽርያ መሄድ ያዝኩ። ወደ ዘርእዝጊ ጎማ አይደለም። ከሱ ሦስት ቤት አልፎ ኢንድሪስ የሚባል የአገራችን ሰው፣ የወረባቦ ልጅ፣ ሽመና ይሠራል። አንድ ቀን በበሩ ሳልፍ የመወርወሪያውን ድምፅ ሰማሁና እግሬ ቆመ። ያንን ድምፅ ታውቂዋለሽ፤ ሁለታችንም እሱን እየሰማን ነው ያደግነው። ገብቼ ልማር እፈልጋለሁ አልኩት። ኢንድሪስ ከኔ በአሥራ አምስት ዓመት ያንሳል፤ አንቱታውን ሳይተው «ቢስሚላህ ብለው ይቀመጡ» አለኝ።

ታዲያ እትዬ፣ ምን አደረግሁ መሰለሽ? አዲስ ደብተር ገዛሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ሽመና፣ ትምህርት አንድ» ብዬ ርእስ ጻፍኩ። የትምህርቱ ዓላማ፣ መሣሪያዎች፣ የአሠራር ቅደም ተከተል፣ መልመጃ። የድሩን አያያዝ በሥዕል፣ ማግ የሚጠቀለልበትን ቀሰም በልኩ፣ የእግሩን መርገጫ በቁጥር። እሱ ሲሸምን እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ስጽፍ ሁለት ወር አለፈ፤ ደብተሩ ሞላ። ይሄ አልበቃኝ ብሎ፣ ተማሪ እንዲገባው ያስፈልጋል ብዬ የገዛ መርገጫዎቹ ላይ በጠመኔ አንድ እና ሁለት ብዬ ጻፍኩበት። ኢንድሪስ አይቶ ሥራውን ቀጠለ። አንድ ቅዳሜ ግን መወርወሪያውን አስጨበጠኝና እግሬን ወደ ጉድጓዱ እንድሰድ ነገረኝ። በተቀመጥኩ በአምስት ደቂቃ አሥራ አንድ ክር በጠስኩ። አንድ የቱ ነው፣ ሁለት የቱ ነው እያልኩ አጎንብሼ ጉድጓድ ውስጥ ሳይ፣ እጄ ላይ ያለው ሥራ ተበላሸ። ኢንድሪስ ወርዶ ጠመኔውን በመዳፉ ጠረገውና «መምህር፣ እግርዎ ፊደል አልቆጠረም፤ ይተዉት» አለኝ። ደብተሩንም ወስዶ መደርደሪያ ላይ ሰቀለው። እስካሁን እዚያው ነው።

የአንቺ ደብዳቤ የደረሰኝ በዚያው ሰሞን ነው። «ጉድጓዱን ልሙላው ወይ?» የሚለውን ሦስት ጊዜ መልሼ አነበብኩት። ጀዋሂር፣ ያልኩሽ ቦታ እዚህ ላይ ነው።

እኛ ጓደኛሞቹ በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው እሁድ ሓዝሓዝ ሰፈር ዘርእዝጊ ቤት እንሰበሰባለን። ሚስቱ ትርሓስ ለኔ ብላ ሥጋ የሌለው ስፓጌቲ ለብቻው ትሠራልኛለች። ከምሳ በፊት ግን አንድ ልማድ አለን። ዘርእዝጊ ያኔ በአለቅነቱ ገልብጦ ያስቀረውን የክፍላችንን መዝገብ አውጥቶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ቆሞ ስም ይጠራል። ስም፣ አገር፣ የአባት ሥራ፤ ልክ በመጀመሪያው ቀን እንደተጻፈው። ያለ ሰው «አለሁ» ይላል። ከዚያ ተጠሪው ዘንድሮ የተማረውን ይናገራል፣ ካመጣም ያሳያል። እናም በየዓመቱ የኔ ተራ ሲደርስ «ቁጥር ሰባት፣ ሻዕባን ሑሴን፣ አገር ወሎ፣ የአባት ሥራ የጥጥ ነጋዴ» ይላል። እኔም በየዓመቱ «አለሁ» እላለሁ።

አዎ እትዬ፣ የጥጥ ነጋዴ ነው ብዬ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ጸሐፊው በሁላችን ፊት እየጠየቀ ይመዘግብ ነበር። ከፊቴ ያለው የባላባት ልጅ ነኝ አለ፣ ቀጥሎ ያለው የቄስ ልጅ። እኔ ያን ቀን የለበስኩት ኩታ አባባ የሸመነው፣ ማጉን አንቺ የደወርሽው ነው። እሱን ለብሼ ቆሜ ሸማኔ ማለት አፈርኩና የጥጥ ነጋዴ አልኩ። ጥጥ ያልኩት ሐሰቱ ወደ እውነቱ ጠጋ እንዲልልኝ ይመስለኛል። በኋላም አባባ ለምረቃህ እመጣለሁ ብሎ ሲልክብኝ፣ መንገዱ አይመችህም ብዬ መለስኩለት። መንገዱ ይመች ነበር።

አንድ ሌላም አለ፤ እሱን አንቺ ታውቂዋለሽ። አባባ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ዓይኑ ሲደክም፣ አንቺ በሩን ዘግተሽ ጉድጓዱ ውስጥ ገብተሽ የሸመንሽ መሆንሽን እሱ ሞቶ በሰደቃው ዕለት ነግረሽኛል። ሴት ሸመነች እንዳይባል እሱ ደጅ ተቀምጦ ይጠብቅሽ ነበር አልሽኝ። ለኔ የተላከው የመጨረሻው ጋቢም የእጅሽ ሥራ ነበር። እኔ የተማርኩት ወንድምሽ ምን አልኩ? «ይህን ለማንም እንዳትናገሪ» አልኩሽ። አመሰግናለሁ እንኳ አላልኩሽም።

ዘንድሮ ዘርእዝጊ ቁጥር ሰባት ብሎ ሲጠራ፣ እንደ ልማዴ አለሁ አልኩ። ግን መቀመጥ አቃተኝ። መዝገቡ ይታረም አልኩ። አባቴ የጥጥ ነጋዴ አልነበረም፤ ሸማኔ ነበር፣ እኔም ዘንድሮ የተማርኩት ሽመና ነው አልኩ። ስፓጌቲው ጠረጴዛው ላይ ይተናል። ከዚያ ኣብርሄት ሳቋን ለቀቀችው። «እወ፣ እናውቃለን!» አለች። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ያውቁ ኖሯል። አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ የልብሱን ጠርዝ በሁለት ጣቴ እንደማሽ አይታለች። ነጋዴ ቢሆን ዋጋ ይጠይቃል፣ አንተ ግን ክሩን ነው የምትዳስሰው አለችኝ። መንግስትኣብም የኔ ዋና አለመቻል እንዳንተ ሸማኔነት ነው፣ ሁሉም ያውቅ ነበር አለ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። እኔ ስደብቃቸው የኖርኩ መስሎኝ፣ እነሱ ናቸው ለካ እኔን የሸፈኑኝ።

ዘርእዝጊ ግን አልሳቀም። ዲሬክተርነቱ መጣበትና «ኣይፋልን፤ አይሆንም፤ መዝገብ ያለ ማስረጃ አይታረምም» አለ። ማስረጃ ምንድን ነው ብለው፣ ሸማኔ ነኝ ባይ ጨርቁን ያመጣል አለኝ። ትርሓስ ሥራ ፈት ብላ ተቆጣችው፣ እሱ ግን መዝገቡን ዘግቶ ተቀመጠ።

እንግዲህ መልሴ የዘገየብሽ ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ አራት ቅዳሜና አራት እሁድ ያለ ደብተር ኢንድሪስ ጉድጓድ ውስጥ ተቀመጥኩ። ዓይንዎን ጨፍነው ይርገጡ እያለ አለማመደኝ። በሁለተኛው እሁድ አንድ ነገር ሆነ። እግሬ ሳልጠይቀው ሄደ። የአባባን ዜማ ያዘ፤ ያንን ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ ዘገም የሚለውን። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። እስቲ ንገሪኝ እትዬ፣ በልጅነቴ አባባ ጭኑ ላይ አስቀምጦኝ ይሠራ ነበር እንዴ? ይህን የሚያስታውስልኝ ሰው ካንቺ በቀር የለኝም። ኢንድሪስ ሰምቶ «ይሄ የኔ እጅ አይደለም፤ ከማን ተማሩት?» አለኝ። ከአባቴ አልኩት፤ ስለው እንባዬ መጣ።

ባለፈው እሁድ ሦስት ስንዝር የማትሞላ ጨርቄን ይዤ ሓዝሓዝ ሄድኩ። ዘርእዝጊ ወደ መስኮት ጠጋ ብሎ ገልብጦ ገልብጦ አያትና ቀይ ቀለም አመጣ። «የጥጥ ነጋዴ» በሚለው ላይ አሰመረበት፣ ከበላዩ «ሸማኔ» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመበት፣ ቀን ጨመረበት። እኔም ፈረምኩ። ጨርቂቱ ጠማማ ናት አለኝ ደግሞ።

አሁን መልሴን ስሚ። ጉድጓዱን እንዳትሞይው። ለግንበኛው መልሱ ይሄ ነው በይው። በሲሚንቶው ያን ጉልበትሽን የሚፈትነውን የደጅ ደረጃ ያሠራልሽ፣ የሚተርፈውን ለጀዋሂር ማጀት። የአባባ ቤት ጣሪያው ብቻ ይታደስ፤ እኔ መደቡ ላይ እተኛለሁ። በሐምሌ መጨረሻ ስመጣ የምቀመጠው እዚያ ጉድጓድ ላይ ነው፤ የምታስተምሪኝም አንቺ ነሽ። ኢንድሪስ የሚያውቀውን አሳይቶኛል፤ የአባባን የመወርወሪያ አጣጣል ግን የሚያውቅ ከመሬት በላይ አንቺ ብቻ ነሽ። ደብተር አላመጣም፣ ጠመኔም አላመጣም፣ እምላለሁ። ስሳሳት እንደ ፈለግሽ ተቆጪኝ። አንቺም ጉልበትሽ የፈቀደልሽ ቀን ተራሽን ትገቢያለሽ። በሩን አንዘጋም። መምህሩ ጉድጓድ ገባ፣ እህቱም ገባች ይሉናል፤ ይበሉ። የሰፈሩ ሰው በበሩ እያለፈ ይየን።

ለጀዋሂር ሰላም በይልኝ፤ ሳትዘል ስላነበበች አላህ ይስጣት። ለባሏ ለሙሄ፣ የጀመረው የንብ ነገር ከምሩ ከሆነ ከኣብርሄት የማመጣለት ብዙ ምክር እንዳለኝ ንገሪው። ለእት ዓሊማ፣ ዱዓዋ እንዳይለየኝ፤ ለጥርሴም ጭምር። ላሟንም ሳሚልኝ። ዘርእዝጊ፣ ትርሓስ፣ ኣብርሄትና መንግስትኣብ አንቺን ሳያዩ ሰላም ብለውሻል፤ ኢንድሪስም ለመምህሩ መምህር ብሎ እጅ ነስቷል።

ጨርቂቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጋዜጣ ጠቅልዬ በደሴ ሾፌር ልኬልሻለሁ። ሦስት ቦታ ስህተት አላት። ሁለቱን ኢንድሪስ አሳይቶኛል። ሦስተኛውን እህትዎ ያግኙት ብሎ አልነገረኝም፤ እኔም ስፈልገው ከረምኩ፣ አላገኘሁትም። በጣትሽ ዳስሺና የት እንደተሳሳትኩ አጽፈሽ ላኪልኝ።

ወንድምሽ፣ የሸማኔው የሑሴን ልጅ፣
ሻዕባን

አስመራ፣ ግንቦት ፳ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.